ሞር ሆተር

ሰላም ነው? ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ከኋላ የምትሰሙት ድምፅ ቬንትሌተር ነው። በዚህ ሰዓት ድሬ ላይ እሱን አጥፍቶ መቅዳት አይሞከርም፤ ቻሉት።

ስምንተኛ ክፍል ነው። የእንግሊዝኛ መምህራችን «ሁለት ከተማ አወዳድር» አለኝ። ተነስቼ በኩራት «ድሬዳዋ ኢዝ ሞር ሆተር ዛን ሐረር» አልኩ። መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠ። «አንዱን ምረጥ! ወይ ሞር፣ ወይ ኢአር። ደርበህ የት ልትሄድ ነው?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እስከ አስረኛ ክፍል ስሜ «ሞር ሆተር» ነበር።

ሐሳቡ እኮ ትክክል ነው፤ ድሬ ከሐረር ትሞቃለች። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት ስትወጣ የሚኒባሱ መስኮት አንድ በአንድ ይዘጋል።

ሕጉን አሁን አውቀዋለሁ። አጭር ቃል መጨረሻው ላይ ኢአር ይጨመርለታል። ሆት፣ ሆተር፤ ሲጻፍ ቲዋ ሁለት ትሆናለች። ከሁሉ ለሚበልጠው ኢኤስቲ፣ ከፊቱ ደግሞ «ዘ»፦ ዘ ሆተስት። እሱን ለዳሎል እንተውላት፤ ከባሕር ጠለል በታች ካለች አገር ጋር አንፎካከርም። ረጅም ቃል ግን አይነካም። ሞር ቢውቲፉል፣ ሞስት ቢውቲፉል።

ግን አቦ፣ ጥፋቱ የኔ ብቻ አልነበረም። አማርኛ ቅጽሉን አይነካውም፣ ሥራውን የምትሠራው «ከ» ናት። «ከወንድምህ አንተ ትረዝማለህ» ይልሃል ጎረቤት፤ ወንድምህ እዚያው ቆሞ ይሰማል። እንግሊዝኛው ቃሉን ራሱን ስለሚለውጥ «ቶለር» ብሎ ወንድምየውን ሳይጠራ ያልፋል። እኛም «የበለጠ» የምትባል ማምለጫ አለችን፤ ሰፈር ውስጥ ግን ማን ይላታል?

ይኼን ሁሉ ያስታወሰኝ የእናቴ ሕመም ነው። ባለፈው ወር ትኩሳት ጥሏት ሰነበተ። ጠዋት ጠዋት ገብቼ «ተሻለሽ?» እላታለሁ። «ትንሽ ይሻላል፣ ብቻ የባሰ አያምጣ» ትላለች። አንድ ቀን ሻይዋን ይዤ በሩ ላይ ቆምኩ። «ከ» የታለች? ከማን ነው የተሻለችው? ከትናንቷ እናቴ ነዋ! ማንም ስሙ አልተጠራም፣ ማንም አልተከፋም።

ደግሞ እዩት። በእንግሊዝኛ ጉድ የሚለው ቃል ጉደር አይሆንም፣ ቤተር ነው። ባድም ወርስ ይሆናል። ሁለቱም ከሕጉ ያፈነገጡ ናቸው። እኛም «ጥሩ» ብለን ጀምረን «የተሻለ»፣ «መጥፎ» ብለን «የባሰ» እንላለን። ሌላ ቃል ነው የምናመጣው። ለምን እነዚሁ ሁለቱ ላይ እንደተገናኘን እንጃ፣ ግን ደስ ይላል።

ማታ ከክፍላችን ልጆች አንዱ ደወለ፤ አሁን ሐረር ነው የሚኖረው። «እማማ እንዴት ሆነች?» አለኝ።

«ሞር ቤተር» አልኩት።

እየሳቀ ስልኩን ዘጋብኝ።