ድንበር የሚያቋርጥ አስከሬን በማን ስም ይመጣል?

(በጎንደር ከተማ በእድሮች የጋራ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የእድር ሰብሳቢዎችና ጸሐፊዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ እናቶቼና ወንድሞቼ፦

በውጭ አገር ያረፈ ሰው አስከሬን ወደ አገሩ ስለሚመጣበት ሕግ እንዳስረዳ ተጋብዣለሁ። በመተማም ሆነ በአውሮፕላን የወጡ ልጆቻችን መርዶ በስልክ ሲደርሰን ስለኖረ፣ ጉዳዩ ለማናችንም እንግዳ አይደለም።

ሕጉ ብዙዎቻችን ከምንገምተው በላይ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 በርሊን ላይ የተፈረመው ስምምነትም ሆነ የአውሮፓ አገሮች በ1973 ስትራስቡርግ ላይ የተፈራረሙት፣ ድንበር ለሚያቋርጥ አስከሬን ልዩ የይለፍ ወረቀት ይጠይቃሉ፤ በወረቀቱም ላይ የሟቹ ስምና ዕድሜ፣ የሞተበት ቦታ፣ ቀንና ምክንያት እንዲሰፍር ያዛሉ። የስትራስቡርጉ ስምምነት ስለ ሳጥኑም ይደነግጋል፤ ውስጡ በጥንቃቄ የተበየደ ዚንክ፣ ውጩ ደግሞ ውፍረቱ ከ20 ሚሊ ሜትር የማያንስ እንጨት ሊሆን ይችላል። ልጆቻችን በሚሠሩባቸው አገሮችም ቢሆን የሞት ማስረጃ፣ አስከሬኑ እንዳይበላሽ መታከሙን የሚገልጽ ወረቀት፣ ፓስፖርትና የቆንስላ ደብዳቤ ሳይሟሉ ሳጥኑ አውሮፕላን ላይ አይጫንም።

ለዚንኩም ለብየዳውም ገንዘብ ይዋጣል። መዋጮ የማይፈታው ስሙን ነው፤ ዛሬ ከፊታችሁ ያቆመኝም እሱ ነው።

ከአዘዞ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ አንዲት እናት ቢሮዬ ገብተው የልጃቸውን የክርስትና ካርድ፣ የስድስተኛ ክፍል ሰርተፊኬትና አንድ ጉርድ ፎቶግራፍ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉ። ልጅቱ በሰው ቤት ስትሠራ ሞታለች፤ አስከሬኗ በአንድ የዓረብ አገር ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ፓስፖርቷን ያወጣላት ደላላ ግን ስሟንም፣ የአባቷንም ስም ቀይሮ፣ በዕድሜዋ ላይ ዓመታት ጨምሮበታል። ከዚያ በኩል የዝምድና ማረጋገጫ ተጠየቀ። እዚህ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዱ፤ «በዚህ ስም የወለዱት ልጅ መዝገባችን ላይ የለም» ብሎ መለሳቸው። ያጠመቋት ቄስና የጎረቤት ሽማግሌዎች ቢመሰክሩም፣ ምስክርነቱን የሚጽፍ ሰው እስኪገኝ ድረስ እናትየዋ እርም ሳያወጡ ከረሙ። በመጨረሻ ሳጥኑ ሲመጣ የተለጠፈበት ወረቀት የማያውቁትን ስም ይዞ ነበር፤ ካህናቱ ፍትሃቱን ያደረሱት ግን በክርስትና ስሟ ነው።

እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የቪየና የቆንስላ ግንኙነት ስምምነት፣ የውጭ ዜጋ ሲሞት የዚያ አገር ባለሥልጣናት ለቆንስላው ሳይዘገዩ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ታዲያ ቆንስላው የማንን ቤት ያንኳኳ? ደላላው የፈጠረውን አባት ቤት? የሰውን ልጅ ስም ቀምቶ የሚሸኝ ሰው ወንጀለኛ ነው! ሰፈራችን ውስጥ እያየነው፣ ቡና አብረነው እየጠጣን፣ ልጃችንን «ይቅናሽ» ብለን በእጁ የምናስረክብ እኛም ከተጠያቂነት አናመልጥም። የእናትን እንባ አይቶ «መዝገብ ላይ የለም» ብሎ መስኮት የሚዘጋ ሠራተኛም ቢያንስ የምስክሮችን ቃል ተቀብሎ ለበላዩ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ሊነገረው ይገባል!

አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል፤ ይህን አጥብቀን እንያዝ። ስለ ኢንሹራንስና ስለ አሠሪ ግዴታ ደግሞ በሻይ ሰዓት የምትጠይቁኝን እመልሳለሁ።

የእድር ጸሐፊዎች፣ የምለምናችሁ እናንተን ነው። ከአባላት ቤት ማንም ወደ ውጭ ሲሄድ ፓስፖርቱ ላይ ያለው ስም ከእውነተኛ ስሙ፣ ከወላጆቹ ስምና ከፎቶው ጋር በእድሩ መዝገብ ይጻፍ፤ ሦስት ምስክሮች ይፈርሙበት። ስሙ የተለያየ ሆኖ ከተገኘም ልጁ ሳይሳፈር ቤተሰቡ ይነገረው። ይህ በመተዳደሪያ ደንባችን እንዲገባ የውሳኔ ሐሳቡን በጽሑፍ ለሰብሳቢው አስረክቤአለሁ፤ ዛሬ ከመበተናችን በፊት ድምፅ እንዲሰጥበት እጠይቃለሁ።