«ተደረገ ወይስ ሊደረግ ታስቦ ነበር?» የሕክምና ክንውኖችን በኮድ ስለ መመዝገብ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የቤተሰብ ሐኪሞች በሚይዙት የኤሌክትሮኒክ የታካሚ መዝገብ ውስጥ ቀዶ ሕክምና፣ ምርመራና ሌሎች ክንውኖች በኮድ እንዴት እንደሚገቡ አድማጮች በስልክ ለጠየቁት፣ የሕክምና መረጃ አያያዝ ባለሙያው የሰጧቸው መልሶች።

ጥያቄ፦ በካርድ ክፍል አዲስ ተቀጣሪ ነኝ። ሐኪሙ «ትርፍ አንጀት ወጥቷል» ብሎ በጽሑፍ ካሰፈረ ኮዱ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ እርስዎ አንብበው ይረዱታል፤ ኮምፒውተሩ ግን አይረዳውም። አንዱ ሐኪም «ትርፍ አንጀት ወጥቷል» ይላል፣ ሌላው «አፔንዴክቶሚ» ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ እሱ ብቻ የሚያውቀውን አሕጽሮት ይጽፋል። ስኖሜድ ሲቲ በተባለው ዓለም አቀፍ የሕክምና ስያሜዎችና ኮዶች ስብስብ ሦስቱም 80146002 በሚለው አንድ ቁጥር ሥር ይገባሉ። ቁጥሩን በቃል ለማጥናት ግን አይድከሙ። ስብስቡ ከ350,000 በላይ ጽንሰ ሐሳቦች ስላሉት ማንም አይዘልቀውም፤ የቁጥሩ የመጨረሻ አኃዝም ለስሕተት መቆጣጠሪያ የተቀመጠ ነው። የእርስዎ ድርሻ ትክክለኛውን ስያሜ መምረጥ ነው። ሁልጊዜም ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ ተደረገ ወይስ ሊደረግ ታስቦ ነበር? መቼ? ይህንን ዛሬ ሳልታክት እደጋግመዋለሁ።

ጥያቄ፦ አይሲዲ እያለልን ሌላ የኮድ ዓይነት መጨመር ድካም አይሆንም?

መልስ፦ አይሲዲ በዋናነት በሽታንና የሞት ምክንያትን የሚመድብ ነው። ታካሚው ምን እንደታመመ ይነግርዎታል፤ ምን እንደተደረገለት ለመመዝገብ ግን አልተሠራም። ለቤተሰብ ሐኪሞች ተብሎ፣ ዎንካ የተባለው የሙያው ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው አይሲፒሲ አለ፤ እሱ ለክንውኖችም ቁጥር መድቧል። ችግሩ በጅምላ የሚያስቀምጥ መሆኑ ነው፤ ቁስል መስፋትና ጄሶ ማሰር በአንድ ቁጥር 54 ሥር ተጠቃለዋል። ለወርኃዊ ሪፖርት ይበቃል። የአንድን ታካሚ ታሪክ ለመከተል ግን ዝርዝር ይፈልጋሉ። በእንግሊዝ ሐኪሞች ለዚህ የሚጠቀሙት በጄምስ ሪድ የተጀመረውን ሪድ ኮድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ቦታውን ለስኖሜድ ሲቲ ለቅቋል።

ጥያቄ፦ ኮድ የምንሰጠው ለክፍያ ብቻ አይደለም እንዴ?

መልስ፦ አይደለም። የሚቀጥለውን መልስ ይስሙልኝ።

ጥያቄ፦ ከሆስፒታል የመጣውን ደብዳቤ ስካን አድርገን መዝገቡ ላይ እናያይዛለን። በቂ አይደለም?

መልስ፦ በአደጋ ምክንያት ጣፊያው የወጣለትን ታካሚ እንውሰድ። ጣፊያ የሌለው ሰው የሳንባ ምችና ማጅራት ገትር የሚያመጡ ባክቴሪያዎች በቀላሉ ያጠቁታል። ክትባቶቹ እየታዩ መሰጠት አለባቸው፤ ትኩሳት ሲይዘውም «ጉንፋን ነው» ተብሎ አይሸኝም። ክሊኒኩ አንድ ቀን «ጣፊያ የሌላቸውን ታካሚዎች አውጣልኝ» ብሎ ኮምፒውተሩን ሲጠይቅ፣ በደብዳቤው ሦስተኛ ገጽ ላይ የተቀበረች አንዲት መስመር አትመጣም። ስካን ያድርጉ፤ ኮዱንም ከቀዶ ሕክምናው ቀን ጋር ያስገቡ። ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን አላልኩም።

ጥያቄ፦ የቤተሰብ ሐኪም ነኝ። ታካሚን ለኮሎኖስኮፒ (ትልቁን አንጀት በካሜራ ለሚያይ ምርመራ) ሪፈር ስጽፍ ጊዜ ለመቆጠብ የኮሎኖስኮፒውን ኮድ ያኔውኑ አስገባለሁ። ውጤቱ ሲመጣ ደብዳቤውን አያይዛለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ ዶክተር፣ ስላልደበቁኝ አመሰግናለሁ። ብዙ ባልደረቦችዎ ያደርጉታል፤ የሚናገሩት ግን ጥቂቶች ናቸው። እንዴት እንደሚሆን አውቃለሁ። በር ላይ ሰው ተሰልፏል፤ «ኮሎ» ብለው ይጽፋሉ፤ ከሚመጡት ስሞች ከላይ ያለውን ይጫኑና ወደሚቀጥለው ታካሚ ያልፋሉ። ከሥሩ «ተጠይቋል»፣ «አልተጠናቀቀም»፣ «ታካሚው አልፈቀደም» የሚሉት ተደርድረው ነበር። ለማየት ጊዜ አልነበረዎትም።

አሁን ያስገቡት ኮድ ምን እንደሚል ልንገርዎ። በስኖሜድ ሲቲ ሕግ መሠረት የክንውን ኮድ ምንም ማብራሪያ ሳይታከልበት መዝገብ ውስጥ ከገባ «ተደርጓል፣ የተደረገውም ለዚሁ ታካሚ ነው» ተብሎ ይወሰዳል። «ላክሁት» ለማለት አስበው «አንጀቱ ታይቷል» ብለው ፈርመዋል ማለት ነው።

ታካሚው ግን ፈርቶ ቀረ እንበል። ወይም ሄዶ፣ አንጀቱ በደንብ ስላልጸዳ ምርመራው መሃል ላይ ተቋረጠና «ይደገም» የሚል ደብዳቤ መጣ፤ ደብዳቤውም ተያይዞ ተቀመጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ ይኸው ሰው በብረት ማዕድን እጥረት የመጣ ደም ማነስ ይዞት ሌላ ሐኪም ፊት ይቀርባል። ሐኪሙ የክንውኖችን ዝርዝር ይከፍታል፤ «ኮሎኖስኮፒ» ከነቀኑ ተጽፏል። ደሙ የሚፈሰው ከትልቁ አንጀት አይደለም ብሎ ልቡ ያርፋል፤ ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ይጀምራል። ያ አንጀት ግን እስከ መጨረሻው ታይቶ አያውቅም። «ምርመራውን ያላደረጉትን አስታውሰኝ» የተባለው ፕሮግራምም ስሙን ከዝርዝሩ አውጥቶታል። መዝገቡን የሚያነብ ሁሉ ያምነዋል፤ የእርስዎ ፊርማ አለበትና።

ሌላም ጣጣ አለው። ምርመራው በትክክል ቢደረግ እንኳ ቀኑ ሪፈር የተጻፈበት ይሆናል፤ የክትትሉ ቀጠሮ ከተሳሳተ ቀን ይቆጠራል። በዚያ ላይ የካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ደብዳቤውን አይታ ኮዱን በሥርዓቱ ስታስገባ ሰውየው ሁለት ጊዜ የተመረመረ ይመስላል።

ስለዚህ ሲልኩ የሪፈሩን ኮድ ያስገቡ። ውጤት ሲመጣ የክንውኑን ኮድ በደብዳቤው ላይ በተጻፈው የምርመራ ቀን ያስገቡ። ከተቋረጠ «አልተጠናቀቀም»፣ ታካሚው እንቢ ካለ «አልፈቀደም» የሚለውን ይምረጡ። ነገ ጠዋት ደግሞ የውጤት ደብዳቤ የሌላቸውን የኮሎኖስኮፒ ኮዶች በሙሉ አስወጥተው አንድ በአንድ ይዩ። የሚያገኙት ያስደነግጥዎታል፤ ቢሆንም ይዩ።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። «ማህፀን ወጥቷል» የሚል ኮድ ያላትን ሴት ከማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ጥሪ ላስወጣት?

መልስ፦ እህቴ፣ ኮዱን ብቻ አይተሽ አታስወጪ። ማህፀን ሲወጣ የማህፀን በር የሚቀርበት ቀዶ ሕክምና አለ፤ በሩ የቀረላት ሴት ምርመራውን መቀጠል አለባት። ጥቅል የሆነው «ማህፀን ማውጣት» የሚለው ኮድ ይህን አይለይም። የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት ፈልጊ፤ ሙሉ ወይም ከፊል መሆኑን ለይተሽ ኮዱን አስተካክዪ። ለምን እንደወጣም ተመልከቺ። ምክንያቱ ካንሰር ወይም የቅድመ ካንሰር ለውጥ ከሆነ ውሳኔው የማህፀን ሐኪሙ ነው፤ ወደ እሱ ምሪያት።

ጥያቄ፦ በክንድ ውስጥ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ ሲገባም ሲወጣም ኮድ ይሰጠዋል?

መልስ፦ አዎ፣ ሁለቱም፣ እያንዳንዱ በራሱ ቀን።

ጥያቄ፦ ታካሚው «ቶንሲሌ የወጣው ልጅ እያለሁ ነው» ቢለኝስ? ቀኑን አያውቀውም።

መልስ፦ ዓመቱን በግምት ካወቀ ዓመቱን ብቻ ያስገቡ፤ ካላወቀም «ቀኑ አይታወቅም» ይበሉ። የዛሬን ቀን ግን እንዳይነኩ! መዝገባችን ስልሳ ዓመት ሞልቷቸው ትናንት ቶንሲላቸው በወጣ አዛውንቶች ተሞልቷል።

ጥያቄ፦ እናቴ በካንሰር ምክንያት አንድ ጡቷ ወጥቷል። በእኔ መዝገብ ላይ ይጻፍ?

መልስ፦ ይጻፍ፤ ግን በቤተሰብ ታሪክ ኮድ። የእናትሽ ቀዶ ሕክምና በአንቺ ስም ከገባ የሚያነብሽ ሐኪም ሌላ ሰው ያክማል። ምርመራ መቼ መጀመር እንዳለብሽ በሬዲዮ አልነግርሽም፤ ሐኪምሽን አማክሪ።

ጥያቄ፦ መዝገቤን በኢንተርኔት ስከፍት «የሐሞት ከረጢት ወጥቷል» ይላል። በሕይወቴ ቀዶ ሕክምና አድርጌ አላውቅም። ማን ያጥፋልኝ? ሰሞኑን ደግሞ ቅባት ያለው ምግብ ስበላ በቀኝ የጎድን አጥንቴ ሥር ያመኛል።

መልስ፦ የሌላ ሰው ደብዳቤ በእርስዎ መዝገብ ገብቶ ይሆናል፤ ወይም አንድ ሐኪም ለቀዶ ሕክምና ሊልክዎት አስቦ እንደተደረገ አድርጎ መዝግቦታል። ተደረገ ወይስ ታስቦ ነበር የምለው ለዚህ ነው። እንዲታረም ለክሊኒኩ በጽሑፍ ይጠይቁ። ስሕተቱ ተፍቆ አይጠፋም፤ በስሕተት የገባ መሆኑ ይመዘገብና ከዝርዝሩ ይወጣል። እሱ ግን ቀን ይወስዳል፤ ሕመሙን ቀን አይስጡት። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ትኩሳት ከመጣ ወይም ዓይንዎ ቢጫ ከሆነ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ሐኪሙ ኮምፒውተሩን ከመክፈቱ በፊትም የሐሞት ከረጢትዎ በቦታው እንዳለ ይንገሩት።