ሚዛኑ እኔ ጋ ነው

(በሱሉልታ፣ በሠፈራችን ሯጮች ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ። ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። ሽሮው እስኪደርስ አሥር ደቂቃ ተሰጥቶኛል። መድረክ መሪያችን ከአሁኑ ሰዓቱን እያየ ነው። ሜዳ ላይም እንዲህ ሰዓት ቢያይ ኖሮ የት በደረሰ።

የተጠየቅኩት «ኪሎ እየቀነሱ ፍጥነት መጨመር» በሚል ርእስ እንድናገር ነው። እኔን ለምን እንደመረጣችሁ ይገባኛል። ስንጀምር ከሁላችሁም ትልቁ ቦርጭ የኔ ነበር። 94 ኪሎ። ዛሬ 82 ነኝ። 10 ኪሎ ሜትሩንም ከ1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ወደ 58 ደቂቃ አውርጃለሁ። እዚህ ላይ ማጨብጨብ ይቻላል።

አመሰግናለሁ። አሁን የመጣሁበትን ልናገር። የመጣሁት ስለ ሚዛኑ ነው።

አዲስ ለገባችሁ ላስረዳ። በየቅዳሜው ከሩጫ በፊት ጫማችንን አውልቀን ሚዛን ላይ እንወጣለን። ጸሐፊው ይመዘግባል። ያልቀነሰ 50 ብር፣ የጨመረ 100 ብር ይቀጣል። ማታ ዝርዝሩ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ይለጠፋል። የቀነሱት ከላይ ከነጭብጨባቸው፣ የጨመሩት ከታች ከነአሳማ ስቲከራቸው። ስንስቅ ከረምን። እኔም ስቄያለሁ። ሚዛኑን ከመርካቶ ገዝቼ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የቅጣቱን ሐሳብ ያቀረብኩትም እኔው ነኝ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ስሜ አለ። ስለዚህ ዛሬ የማማው መጀመሪያ ራሴን ነው።

አምና ግንቦት ላይ ኪሎዬ 86 ላይ ቆመ። ንቅንቅ የለም። ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ተቀጣሁ። እልህ ያዘኝ። ቁርስ ተውኩ። ምሳ ሰላጣ፣ እራት የሎሚ ውሃ። ይሄ አልበቃ ብሎኝ ከቱታዬ ሥር ፌስታል መልበስ ጀመርኩ። ያውም ትልቁን፣ ጥቁሩን፣ የቆሻሻ መጣያውን። አንገትና ክንድ ማስገቢያ በመቀስ ቆርጬለት ነበር። ስሮጥ ሿ ሿ እላለሁ። የሠፈሩ ውሾች እንኳ ድምፄን ለይተው መጮህ ትተው ነበር። በሁለት ሳምንት 80 ገባሁ። ስሜ ከላይ ወጣ። ሃያ ሁለት ሰው አጨበጨበልኝ፤ ቆጥሬያለሁ።

በዚያው ሳምንት 10 ኪሎ ሜትራችንን ሰዓት ይዤ ሮጥኩ። 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ። በ86 ኪሎዬ 1 ሰዓት ከ2 የገባሁ ሰውዬ! ስድስት ኪሎ አራግፌ ሰባት ደቂቃ ጨመርኩ። ለማንም አልተናገርኩም። ግሩፑ ላይ የሚለጠፈው ኪሎ እንጂ ሰዓት አይደለማ።

እሑድ እንጦጦ ወጣን። ታስታውሳላችሁ፣ ጭጋግ የነበረ ቀን። እናንተ ቀደማችሁ፤ እኔ ባሕር ዛፉ መሀል ብቻዬን ቀረሁ። ዳገቱ ላይ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኔ ጨለመ። ተቀመጥኩ ባልላችሁ ይሻላል፤ ወደቅኩ። ቀና ስል አንዲት እናት ቆመውብኛል። የተሸከሙት ጭራሮ ከኔ ይረዝማል። ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ጎንበስ አሉና «ልጄ፣ እህል ቀምሰሃል?» አሉኝ። አልቀመስኩም አልኩ። «ምነው፣ አጥተህ ነው?»

ምን ልበል? አጥቼ አይደለም እማማ፣ 50 ብር እንዳልቀጣ ነው ልበላቸው? ዝም አልኩ። ዝምታዬን አጥቶ ነው ብለው ተረጎሙት መሰለኝ፣ ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። የገብስ ቆሎ፣ ሱፍ ጣል ጣል ያለበት። አንድ እፍኝ መዳፌ ላይ ዘገኑልኝ። ቋጠሮው ውስጥ የቀረው ከሰጡኝ ያንስ ነበር። እዚያው ቁጭ ብዬ ፌስታሌ ውስጥ እየተንሿሿሁ ቆረጠምኩ። እሳቸው ከነሸክማቸው ቁልቁለቱን ተያያዙት። እርምጃቸው ከኔ ሩጫ ይፈጥን ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ማንበብና መጠየቅ የጀመርኩት። በፌስታል የሚወጣው ላብ ነው፣ ውሃ ነው። ሁለት ጠርሙስ ስትጠጡ ተመልሶ ይገባል። ስብ በላብ አይወጣም። ሩጫ በግምት ለአንድ ኪሎ ክብደት፣ በአንድ ኪሎ ሜትር፣ አንድ ካሎሪ ይፈጃል። 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው 10 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ 900 ካሎሪ አቃጠለ። አንድ ኪሎ ስብ ደግሞ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይዟል። እንግዲህ አስሉት። አንዷን ኪሎ በሩጫ ብቻ ለመጨረስ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስፈልጋል። ከአዲስ አበባ ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ በሉት። ታዲያ «በሳምንት ሦስት ኪሎ ቀነሰ» ብለን ያጨበጨብንለት ሰው ምኑን ነው የቀነሰው? አብዛኛው ውሃ ነው። ጡንቻ ውስጥ የሚቀመጠው የሩጫ ስንቅም አብሮ ያልቃል፤ እሱ ከእንጀራው፣ ከዳቦው፣ ከድንቹ የሚመጣ ነው። ረሃቡ ከቀጠለ ጡንቻው ራሱ ይሄዳል። በምን ልንሮጥ ነው ታዲያ?

ቀላል መሆን አያፈጥንም እያልኩ አይደለም። ያፈጥናል። ያራገፍኳት 12 ኪሎ እኮ ግማሽ ጀሪካን ውሃ ናት። እሷን ሳይሸከሙ ዳገት መውጣት እንዴት ደስ እንደሚል ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ቆሎውን ከበላሁ በኋላ ኪሎዬ መጀመሪያ ወደ 87 ተመለሰ፤ ከዚያ በወር አንድ ኪሎ ብቻ ነው የወረደው። ምንም ያልወረደባቸው ሳምንታት ነበሩ፤ ቅጣቱንም ከፍያለሁ። 58 ደቂቃ የገባሁት በ82 ኪሎ ነው። በ80 ኪሎ 1 ሰዓት ከ9፣ በ82 ኪሎ 58። ገንዘብ ያዣችን ሒሳብ ታውቃለች፣ ትፍረደኝ።

ሌላው ነገር ቀስ ብሎ መሮጥ ነው። አትሌቶቹን እዚሁ ሜዳችን ላይ አይታችኋል፤ በሰልፍ፣ አንዱ የሌላውን ተረከዝ እየተከተለ፣ በሶምሶማ። ቀነኒሳ በ2019 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:01:41 ገባ። አንዱን ኪሎ ሜትር በ2 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ማለት ነው። እንዲህ የሚበሩ ሰዎች ቀላል ቀናቸው የምር ቀላል ነው። እኛስ? ሰኞም ውድድር፣ ረቡዕም ውድድር፣ ሐሙስ ጉልበት በቅባት ማሸት። እኔ አሁን በሳምንት አራት ቀን እሮጣለሁ። ሦስቱን ቀን ወሬ እያወራሁ ነው፤ ወሬው ከተቆራረጠ ፍጥነቴን እቀንሳለሁ። በአራተኛው ቀን ዳገት ነው፣ እሱ ላይ ምሕረት የለም። የዳገት ቀን ዋዜማ እራት ዘልዬ አላውቅም።

ቨርጂኒያ ካለው የአክስቴ ልጅ ጋር በፔስ፣ ማለትም አንዱን ኪሎ ሜትር በስንት ደቂቃ እንደምንሮጥ፣ መፎካከርም ትቻለሁ። እኛ ያለነው ከ2,600 ሜትር በላይ ነው። እዚህ የምንስበው ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። እሱ ስልኩን እያሳየ ይኩራራ፤ ገና ሲመጣ እንጦጦ ላይ እንገናኛለን።

ጾሙን በተመለከተ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ የዳገቱን ቀን ለጾም ቀን አታድርጉት። ስትገድፉ ሽሮም ምስርም ጠብሰቅ አድርጉ። ረመዳን ላይ ደግሞ ከኢፍጣር በኋላ ቀለል ያለ ሶምሶማ ይበቃል።

አሁን ወደ ሚዛኑ፣ ሆዴን ወደሚቆርጠኝ ነገር ልመለስ።

አንዲት እህታችን ነበረች። ስሟን አልጠራም፣ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ወልዳ ስድስት ወሯ ነበር ወደ ሜዳ ስትመለስ። ሚዛን ላይ አወጣናት። ማታ ስሟን ከታች፣ ከነአሳማው ለጠፍነው። ሕፃን እያጠባች ያለች ሴት! ከግሩፑ ወጣች። ማን ደወለላት? ማንም። «ቀልድ አታውቅም» ተባለ። የምን ቀልድ ነው? የሰው ገላ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው እንዴ? ቦርጫችንን ተሸክመን በዚህ ብርድ ከአልጋ የወጣነው ልንሮጥ እንጂ ልንሰደብ አይደለም! ሩጫ ክለብ ነን ወይስ ሉካንዳ ቤት? ሰው በኪሎ የሚጠራው የት አገር ነው?

በኅዳር ታላቁ ሩጫ ላይ አየኋት። መስቀል አደባባይ ከመድረሳችን በፊት፣ በዚያ ጭፈራና ግፊያ መሀል፣ ቲሸርቷን ለብሳ ብቻዋን ትሮጣለች። ሰላም አለችኝና አለፈችኝ። አለፈችኝ ነው የምላችሁ፣ በ82 ኪሎዬ! ስንት ኪሎ እንደሆነች አላውቅም። ሰኞ ደውዬ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። ሌሎቻችሁም ስልኳ አላችሁ።

ስለ ጫማና ስለ እንቅልፍም ማስታወሻ ይዤ ነበር። ሽሮው ሸተተኝ፣ ይቅር።

ሁለት ነገር ብቻ ለስብሰባው አቀርባለሁ። የቅጣት ሣጥኑ ውስጥ 7,350 ብር አለ። ለቅዳሜ ሙዝና በሶ ይገዛበት። ቴሌግራሙ ላይ ያሉት ዝርዝሮችም ዛሬ፣ እዚሁ ቁጭ ብለን፣ ይጥፉ። ስልክህን አውጣ፣ ጸሐፊ፤ እኔም አብሬህ አያለሁ።

ሚዛኑን ኮሚቴው ከሐሙስ ጀምሮ ሲያፈላልግ እንደነበር ሰምቻለሁ። አትድከሙ፣ እኔ ጋ ነው። ባለቤቴ የገናን በርበሬ ልትመዝንበት ጠይቃኝ ሰጥቻታለሁ።