ጦጣዎቹንና ተንከባካቢዎቹን አብረን እንመርምር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የተደረገ የመክፈቻ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ የእንስሳት ሐኪሞች፣ ተንከባካቢዎችና ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፣

እንኳን ወደ ሰበታ በሰላም መጣችሁ። የዘንድሮው ጉባኤያችን የሚወያየው በማቆያ የሚኖሩ ጦጣዎችንና ዝንጀሮዎችን በሚያጠቁ ባክቴሪያዎችና ጥገኛ ተህዋስያን ላይ ነው።

ጦጣ በታመመ ቁጥር «ከጫካ ይዞት የመጣው ነው» ማለት ለምደናል። ይሁን እንጂ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ የሚያመጣው የሺጌላ ባክቴሪያ ዋነኛ መኖሪያ ሰው ነው፤ የሳንባ ነቀርሳም ወደ ጦጣ የሚሻገረው በአብዛኛው ከሚያስል ሰው ነው። ሰውን ለማሳመም ከ10 እስከ 100 የሚደርሱ የሺጌላ ሕዋሳት ብቻ ስለሚበቁ፣ ባልታጠበ እጅ የተላጠ ሙዝ ምን ሊያስከትል እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የታመመችው ጦጣ ከመንጋው ተነጥላ፣ ጀርባዋን አጉብጣ ጥግ ትይዛለች፤ ሰገራዋ ደምና ንፍጥ ይቀላቅላል፤ ዓይኗ ይሰረጉዳል፤ ቆዳዋ ሲቆነጠጥ ቶሎ ወደ ቦታው አይመለስም። ቀዳሚው ሥራ የጎደላትን ፈሳሽ መተካት ነው። ናሙና ሳይወሰድ በግምት ፀረ-ባክቴሪያ መስጠት ግን መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያን ማራባት በመሆኑ፣ ይህ ልማድ እንዲቆም አጥብቄ እጠይቃለሁ።

የአንጀት ጥገኛ ተህዋስያን የሆኑት አሜባና ጃርዲያ በአንድ ቀን የሰገራ ናሙና ላይታዩ ስለሚችሉ፣ በተለያዩ ቀናት የተወሰዱ 3 ትኩስ ናሙናዎች ያስፈልጋሉ። ትሪኩሪስ የተባለው ትል ደግሞ የራሱ ፈተና አለው፤ ከሰገራ ጋር የወጣው እንቁላል እርጥብ አፈር ውስጥ በጥቂት ሳምንታት ለመተላለፍ ይደርሳል፣ በረኪናም በቀላሉ አይገድለውም። እንደ ሰበታ ክረምቱ በሚጠናበት አካባቢ፣ ሰገራው በየዕለቱ ካልተነሣና የግቢው አፈር ካልተቀየረ፣ የትል መድኃኒት የወሰደው እንስሳ ዳግመኛ መያዙ አይቀርም።

የነቀርሳ ምርመራ በላይኛው የዓይን ሽፋን ውስጥ በሚሰጥ መርፌ ተደርጎ ከ24፣ ከ48 እና ከ72 ሰዓታት በኋላ ሽፋኑ ማበጥ አለማበጡ ታይቶ ይነበባል። አንድ ጊዜ ነፃ መባሉ ብቻውን ስለማያስተማምን፣ አዲስ ገቢ እንስሳ ከለይቶ ማቆያ ሳይወጣ ምርመራው ሊደገምለት ይገባል።

ይህን ሁሉ ለእንስሳቱ እያደረግን ተንከባካቢውን ሳንመረምር መቅረታችን ግን አግባብ አይደለም። ተቅማጥ ይዞት፣ ወይም ሳምንታት የቆየ ሳል እያሳለው፣ የቀን አበሉ እንዳይቆረጥበት ፈርቶ ሥራ የሚገባ ሰው ጥፋተኛ ሊባል አይገባም፤ ሕመሙን እንዲደብቅ ያስገደድነው እኛው ነን። በመሆኑም የተንከባካቢዎች የሰገራና የሳንባ ምርመራ ወጪ በአሠሪው እንዲሸፈን፣ የሕመም ፈቃዳቸውም ከሙሉ ክፍያ ጋር እንዲሆን የሚጠይቅ የውሳኔ ሐሳብ ከሰዓት በኋላ ይቀርብላችኋል። ድምፃችሁን እንድትሰጡበት በአክብሮት እየጠየቅሁ፣ ጉባኤው መከፈቱን አበሥራለሁ።