የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ደም ያለው ሰገራ፣ የአንጀት ካንሰርና የውፍረት ቀዶ ሕክምና

ከጅማ ከተማና ከአካባቢዋ ደውላችሁ ላነሣችኋቸው ጥያቄዎች የአንጀት ቀዶ ሕክምና ባለሙያችን የሰጡት መልስ ነው።

ከአጋሮ፣ የ52 ዓመት አባት፦ ስጸዳዳ ደም ማየት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። ኪንታሮት ነው ተብዬ ቅባት ተቀባሁ፤ የአሜባ መድኃኒትም ሁለት ጊዜ ጨርሻለሁ። ካንሰር ይሆን?

መልስ፦ አባቴ፣ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ ሳይመረመሩ አይታወቅም። ኪንታሮት ብዙ ጊዜ ሕመም ሳይኖረው ከሰገራ በኋላ ደማቅ ቀይ ደም ያንጠባጥባል። ፊንጢጣ አጠገብ ያለ ዕጢም ግን እንደዚያው ቀይ ይደማልና በቀለሙ ብቻ አይፈረድም። ደሙ ከሰገራው ጋር ከተቀላቀለ፣ ንፍጥ ካለው፣ ተጸዳድተው ሲነሡ ያላለቀ ከመሰለዎት፣ የሰገራ ልማድዎ ለሳምንታት ከተለወጠ ወይም ከከሱ ጥርጣሬው ይበረታል። በትልቁ አንጀት ቀኝ በኩል ያለ ዕጢ ደግሞ ደም ሳያሳይ የደም ማነስ ብቻ ሊያመጣ ይችላል።

በእኛ አካባቢ ጫት ሰገራ ያደርቃል፤ ማማጡ ኪንታሮት ያመጣል። ስለዚህ «ኪንታሮት ነው» የሚለው ግምት ብዙ ጊዜ ልክ ይሆናል፤ የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። ኪንታሮት ያለበት ሰው ከበላዩ ዕጢም ሊኖረው ይችላል።

በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱና ፊንጢጣዎን በጣት እንዲመረምሩዎት ይጠይቁ። በጓንትና በቅባት የሚሠራ የአንድ ደቂቃ ምርመራ ነው፤ አያፍሩበት። የደም ማነስ እንዳለብዎ ለማወቅ ሄሞግሎቢንዎም ይታይ። ቀጥሎ ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ትልቁን አንጀት በውስጥ የማየት ምርመራ፣ ያስፈልግዎታል። ሰገራዎ በማይክሮስኮፕ ሳይታይ ሦስተኛ ዙር የአሜባ መድኃኒት እንዳይወስዱ አደራ፤ ስምንት ወር ብዙ ጊዜ ነው።

ከሕርማታ፦ ኮሎኖስኮፒ ታዞልኛል። እንዴት ልዘጋጅ?

መልስ፦ የብረት እንክብል የምትወስዱ ከሆነ ከሳምንት በፊት አቁሙ፤ ሰገራውን አጥቁሮ መስተዋቱን ይጋርዳል። ከሁለት ሦስት ቀን በፊት የጤፍ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ጎመንና ፍሬ ያለው ነገር ይቅር፤ ነጭ ሩዝ፣ ነጭ ዳቦና እንቁላል ይበቃል። በዋዜማው ጥርት ያለ ፈሳሽ ብቻ ውሰዱ፦ የተጠለለ የሥጋ መረቅ፣ ሻይ፣ ወተት የሌለው ቡናም ይፈቀዳል። ቀይ መጠጥ ግን ደም ስለሚመስል አይጠጣ። የአንጀት ማጽጃው መድኃኒት ግማሹ ማታ፣ ግማሹ ጧት ይወሰዳል፤ ሁሉንም ማታ ከጨረሳችሁት ሌሊት ከትንሹ አንጀት የሚወርደው ፈሳሽ የትልቁን አንጀት ቀኝ ጎን ይሸፍነዋል። የመጨረሻው ሰገራ እንደ ሽንት ቢጫና ጥርት ያለ መሆን አለበት። የስኳር ወይም የደም ማቅጠኛ መድኃኒት ካለ ቀድማችሁ ተናገሩ።

ፖሊፕ (በአንጀት ግድግዳ ላይ የሚበቅል ትንሽ እብጠት) ከተገኘ እዚያው ይቆረጣል። ወደ ካንሰር እስኪለወጥ አብዛኛውን ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ስለሚፈጅ ይህ ምርመራ ካንሰሩን ሳይፈጠር ያስቀራል።

ከጅማ መርካቶ፣ የ46 ዓመት እናት፦ 105 ኪሎ ነኝ፤ ቁመቴ 1.60 ሜትር ነው፤ ስኳርም አለብኝ። ጨጓራ የማሳነስ ቀዶ ሕክምና ይሆነኛል? ከአንጀት ካንሰርስ ያድነኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ክብደትዎን 105ን ቁመትዎ በራሱ ተባዝቶ ለሚመጣው 2.56 ሲያካፍሉ 41 ይመጣል፤ ይህ ውፍረት የሚለካበት ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ይህ ቁጥሩ 35 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰው ሌላ በሽታ ባይኖርበትም ለቀዶ ሕክምናው ይታሰባል፤ ስለዚህ ይመለከትዎታል። በአንደኛው ዓይነት ከጨጓራው 75 እስከ 80 በመቶው ተቆርጦ ይወጣል፤ በሁለተኛው 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የሚይዝ ከረጢት ተለይቶ ከትንሹ አንጀት ጋር ይገናኛል።

ከካንሰሩ ጋር ያለው ነገር ገና አልጠራም። ውፍረት የአንጀት ካንሰርን እንደሚያበዛ ይታወቃል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ የስዊድን ጥናት አደጋው ከፍ ማለቱን፣ በ2020 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት ደግሞ ወደ ሌላው ሕዝብ መጠን መውረዱን አሳይተዋል። ስለዚህ ለስኳሩና ለክብደቱ ብለው ይሠሩት፤ ካንሰርን ለመከላከል ብለው ግን አይሁን። ዕድሜዎም ከ45 ስላለፈ ኮሎኖስኮፒውን አስቀድመው ያድርጉ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚመጣ የደም ማነስ «ብረት አልተመጠጠም» ተብሎ ይታለፍና ከሥሩ ያለ ዕጢ ይደበቃል።

ከተሠራም በኋላ በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ቫይታሚን፣ ቢ12፣ ብረትና ካልሲየም ደግሞ ዕድሜ ልክ ይወሰዳሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልብ ቶሎ ቶሎ ከመታ፣ ትኩሳት ወይም የግራ ትከሻ ሕመም ከመጣ ስፌቱ አፍስሶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ወደ ሆስፒታል ነው። ትውከት ለቀናት ከቀጠለ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት አንጎልን ይጎዳል፤ ግሉኮስ ከመሰጠቱ በፊት ቢ1 በመርፌ ይሰጥ። እንደ ዲክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎች በተለይ በሁለተኛው ዓይነት ቁስለት ያመጣሉ። ውጭ አገር የሚሠራ ሰው የትኛው ዓይነት እንደተሠራለት የሚገልጽ ወረቀት ይዞ ይመለስ።

ከሰቃ፦ አባቴ በአንጀት ካንሰር የታመሙት በ48 ዓመታቸው ነው። እኔ መቼ ልመርመር?

መልስ፦ ከእሳቸው ዕድሜ 10 ዓመት ቀንስ፤ ያም ሆነ 40 ዓመት ቀድሞ የሚመጣው ይያዛል። ላንተ 38 ዓመትህ ነው። ወንድሞችህና እህቶችህም እንዲሁ።