በዓመት ለልብስሽ ስንት ታወጫለሽ? ደብተሬን ከፍቼ ላሳያችሁ

[ምስል፦ ሐዋሳ ፒያሳ፣ ከሰዓት፣ ባጃጅ በባጃጅ። ድምፅ ብቻ ይሰማል]

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬም ከሐዋሳ ነኝ። እስቲ በአንድ ጥያቄ እንጀምር፣ ለሴቶቹ ነው፣ ወንዶች ቆዩ ተራችሁ ይመጣል። ባለፈው ዓመት ለራስሽ ልብስ ብቻ፣ ለልጅ አይደለም ለባል አይደለም ለእናት አይደለም፣ ለራስሽ፣ ስንት ብር አወጣሽ?

ይሄን ጥያቄ ጓደኞቼን አንድ በአንድ ስጠይቅ ነው የሰነበትኩት፣ ሁሉም መጀመሪያ ጣራ ጣራውን ያያሉ ከዛ "እኔ እኮ ልብስ ብዙም አልገዛም" ይላሉ። ሁሉም! አንዷ እንደውም ይሄን ስትለኝ በእጇ የልብስ ፌስታል ይዛ ነበር፣ እሱስ ስላት "ውይ እሱማ ለሰርግ ነው" አለችኝ። ይሄን መልስ ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን።

ነገሩ መዋሸት አይደለም፣ መርሳት ነው። ሰው ትልቁን ግዢ አይረሳም፣ ቀሚሱን፣ ጃኬቱን፣ ግማሽ ሰዓት የተከራከረበትን ጫማ። ፓንት ስንት ገዛሽ ብትባይ ግን ማን ያውቃል፣ ካልሲ፣ ታይት፣ ጡት ማስያዣ፣ ባጃጅ ስትጠብቂ አይተሽ የያዝሽው ሻርፕ፣ እነዚህ በቃ ከጭንቅላት ይጠፋሉ። ለዛ ነው የቤተሰብ ወጪ የሚያጠኑ ሰዎች ጠይቀው ብቻ የማይሄዱት። አሜሪካኖቹ ለምሳሌ ሁለት መንገድ አላቸው፣ አንዱ በየሦስት ወሩ ቤተሰቡን ቁጭ አድርጎ መጠየቅ ነው፣ ሌላው ደግሞ ደብተር ሰጥተው ለሁለት ሳምንት ያህል እያንዳንዷን ግዢ ያስጽፋሉ፣ ጥቃቅኗ ወጪ የምትያዘው በደብተሩ ነው።

[ምስል፦ ነጭ ወረቀት ላይ በማርከር፦ 2,041]

እነሱን ካነሳን አይቀር፣ በ2023 እ.ኤ.አ. አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ለልብስ ያወጣው በአማካይ 2,041 ዶላር ነው፣ ከዓመቱ ጠቅላላ ወጪው 2.6 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ታዲያ ይሄን ቁጥር አይታችሁ የአንዲት ሴት ወጪ እንዳታደርጉት፣ የባልየው ሱሪ፣ የልጆቹ ልብስ፣ የሁሉም ጫማ፣ የላውንደሪው ሳይቀር እዛው ውስጥ ነው የተደመረው። እኛም ጋ ቢሆን ስታትስቲክሱ ልብስና ጫማ በሚል አንድ ምድብ በየቤተሰቡ ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ የኔን ለማወቅ አማራጭ አልነበረኝም፣ 2017 መስከረም 1 ላይ የ30 ብር ደብተር ገዝቼ መጻፍ ጀመርኩ፣ ጳጉሜን ላይ ደመርኩት።

[ምስል፦ ደብተሩ፣ የቡና ጠብታ ያለበት ገጽ]

መጀመሪያ የዘወትሩን ላንብብላችሁ። ፓንት ስድስት፣ 900 ብር። ጡት ማስያዣ ሦስት፣ 1,800፣ አዎ ተወዷል እኔም ደንግጫለሁ። ካልሲ 320። ቶፕና ቲሸርት አራት፣ ሁሉም ቦንዳ፣ 1,400። ጂንስ ሁለት፣ አንዱ አዲስ 2,200 አንዱ ቦንዳ 800። ሹራብ 700። ቢጃማ 1,200። ሰንደል 900 እና ስኒከር 2,800። ድምር 13,020 ብር። ዓመቱን ሙሉ ስራ የሄድኩት፣ ገበያ የወጣሁት፣ ሐይቅ ዳር አሳ የበላሁት፣ የተኛሁት በዚህ ነው።

አሁን ሁለተኛው ገጽ። ሀበሻ ቀሚስ 11,000። ለአጎቴ ልጅ ሰርግ ጨርቅ 3,200 ስፌት 1,800። ለሰርጉ ተረከዝ ጫማ 2,600። ነጠላ 1,400። ድምር 20,000፣ እንዲህ ክብ ይሆናል ብዬ አልጠበኩም ሦስቴ ነው የደመርኩት። ሁለቱ ገጽ አንድ ላይ 33,020 ብር። ከመቶው 60 ብር የሄደው ዓመቱን ሙሉ በጣት በሚቆጠሩ ቀናት ለለበስኳቸው አራት ነገሮች ነው ማለት ነው!

እዚህ ጋ ነው "እሱማ ለሰርግ ነው" ያለችው ልጅ ትዝ ያለችኝ። ለኛ የሰርግ ልብስ ልብስ ውስጥ አይቆጠርም፣ ማህበራዊ ነው፣ እንደ እድር ነው። ለእናቴ ይሄን ደብተር ሳነብላት ነጠላው ላይ ስደርስ "እሱን ለምን ጻፍሽው?" አለች፣ "ለቅሶ በምን ልትሄጂ ነበር?"። ልክ ናት እኮ፣ ለቅሶ በጂንስና በቲሸርት አይኬድም፣ ግን ደግሞ 1,400 ብሩ ከኔ ኪስ ነው የወጣው። ሴት ለልብስ ታባክናለች የሚሉ ወንዶች ይሄን ሁለተኛ ገጽ ነው የሚያዩት፣ ሴቷ ራሷ ደግሞ የምታስታውሰው የመጀመሪያውን ነው፣ ለዛ ነው ሁለቱ ሲከራከሩ የማይስማሙት፣ ሁለቱም ግማሽ ደብተር ይዘው ነው የሚከራከሩት።

የሰርጉ ነገር እንዴት እንደሚሰራ ለማታውቁ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ይከፈታል፣ የሙሽራዋ እህት አንድ ከለር ትልካለች፣ ፎቶው ስልክ ላይ አረንጓዴ ይመስላል ሱቅ ስትሄጂ ግን ሰማያዊ ነው፣ ከዛ አስራ ምናምን ሴት አንድ ጨርቅ ፍለጋ ከተማውን ያስሰዋል። ባለሱቁ ደግሞ ሞኝ አይደለም፣ ሦስተኛዋ ልጅ ያንኑ ከለር ስትጠይቀው ሰርግ እንዳለ ይገባዋል፣ አራተኛዋ ጋ ሜትሩ 100 ብር ይጨምራል። አስታውሱ ቀድሞ መሄድ ዋጋ አለው፣ ወይ ደግሞ አንድ ሰው ልካችሁ ጣቃውን በሙሉ ተደራድራችሁ ግዙት፣ እኛ ይሄን ያሰብነው ሁሉም ከገዛ በኋላ ነው።

ሀበሻ ቀሚሱ ላይ ግን ዋጋውን አልሰድበውም። የኔው በእጅ የተሸመነ ነው፣ ድርና ማጉ በእጅና በእግር ነው የሚሄደው፣ ጥበቡ ደግሞ በቀለም ክር መስመር በመስመር ነው የሚገባው፣ ከጫፉ አንድ ስንዝር ለማውጣት ሸማኔው ስንት ሰዓት እንደሚቀመጥ ቁጭ ብላችሁ ካያችሁ አትከራከሩም (እኔ አይቼም ተከራክሬያለሁ፣ ያው ልማድ ነው)። ከጎኑ የተሰቀለው የቻይናው ሽፎን የጥበቡ ምስል በማሽን የታተመበት ነው፣ ሲሶ ዋጋ ነው፣ ከሩቅ ፎቶ ላይ አይለይም። ገና ሲደርስ ሻጮቹ ሁለቱንም አንድ መስቀያ ላይ ነው የሚደረድሯቸው። ገልብጣችሁ እዩ፣ የታተመው ከኋላው ደብዛዛ ነው፣ የተሸመነው ክሩ ከጀርባም ይታያል።

ጊዜውስ? ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ያለው አያቶቻችን ናቸው፣ ስለዚህ ቲክቶክ ያመጣብን ነገር ነው አትበሉኝ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ ካላንደሩ ሞልቷል፣ ታኅሣሥ 19 ገብርኤል አለ ነጭ ይፈልጋል፣ ከአስር ቀን በኋላ ገና፣ ጥር 11 ጥምቀት፣ ከዛ ፋሲካ፣ ሲዳማ ጎረቤትና ጓደኛ ያለን ደግሞ ፍቼ ጨምበላላ ላይ፣ የሲዳማ ዘመን መለወጫ ማለት ነው፣ ጉዱማሌ አደባባይ በባህል ልብስ እንወጣለን፣ የፍቼ ቀን ደግሞ ኮከብ በሚቆጥሩት ሽማግሌዎች፣ በአያንቶዎች፣ ተቆጥሮ ነው የሚነገረው፣ ቀድመሽ በጀት አትይዢለትም።

[ምስል፦ የቦንዳ ክምር፣ እጆች ብቻ]

እሺ ወደ ቦንዳ። ዘወትር ልብሴ በ13 ሺህ ያለቀው በቦንዳ ነው፣ አልዋሽም። ነጋዴዋ ቦንዳውን የምትገዛው ታስሮ ነው፣ ውስጡን ሳታይ፣ የሴት ቶፕ ነው የልጅ ነው ሹራብ ነው የሚለውን ብቻ አውቃ። ሲፈታ እድሏ ነው። ቦንዳ በሚፈታበት ጠዋት የደረሰች ምርጡን ታነሳለች ግን ውድ ነው፣ ከሰዓት የተረፈው ይከመርና "መቶ መቶ" ይባላል። የኔ 800 ብር ጂንስ የጠዋት ናት። ደንበኛዬ ስልኬን ይዛለች፣ "እህቴ ነገ እፈታለሁ ነይ" ትለኛለች፣ ይሄ ግንኙነት ከየትኛውም ቅናሽ ይበልጣል። በህግ ግን ልባሽ ጨርቅ ለንግድ ማስገባት ክልክል ነው፣ ስለዚህ አንዳንድ ሳምንት ገበያው ሞልቶ ይፈሳል አንዳንድ ሳምንት ምንም የለም፣ ዋጋውም እንደዛው ይዘላል።

አዲስ ልብስ ለምን ይሄን ያህል ራቀ ላላችሁ፣ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ዶላር ነው፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሬው ስርዓት ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ፣ ያኔ ሱቅ የነበራችሁ ታውቃላችሁ፣ ጠዋትና ማታ ዋጋው የተለያየ ነበር። ሁለተኛው ቀረጥ ነው፣ የተሰፋ ልብስ ሲገባ 35 በመቶ ጉምሩክ ይከፍላል፣ በዛ ላይ 15 በመቶ ቫት፣ በዛ ላይ 10 በመቶ ሱር ታክስ የሚባል ተጨማሪ ግብር፣ አንዱ በአንዱ ላይ ነው የሚሰላው እንጂ ጎን ለጎን አይደለም። 1,000 ብር የሆነ ቀሚስ በሩን ሲያልፍ ወደ 1,700 ሆኗል ማለት ነው፣ ገና ነጋዴው ትርፍና ኪራይ ሳይጨምር።

[ምስል፦ የኢንዱስትሪ ፓርክ ሰርቪሶች፣ ማለዳ]

ሰው ሁሌ የሚለኝ ነገር አለ፣ "እናንተ ጋ እኮ ልብስ ይመረታል፣ ለምን አይረክስም?" ይለኛል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ነው የተመረቀው፣ የተሰራው ግን ለውጭ ገበያ ነው፣ የተሰፋው ሸሚዝ በኮንቴይነር ነው ከተማዋን ጥሎ የሚሄደው። በ2019 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አንድ ማዕከል ባወጣው ሪፖርት የሰፊዎቹ መነሻ ደሞዝ በወር 26 ዶላር ነበር፣ በጊዜው ምንዛሬ 750 ብር ገደማ፣ አብዛኞቹ ደግሞ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። ከዛ 2022 እ.ኤ.አ. መግቢያ ላይ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ታገደች፣ ልብሱን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚያስገባው እድል ማለት ነው፣ ከዛ በፊት ደግሞ ፒቪኤች የሚባለው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ ወጥቶ ነበር። እነዛ ልጆች ደሞዝ የወጣ ሰሞን የሚገዙት የት መሰላችሁ፣ እኔ የምገዛበት ቦንዳ ላይ ነው፣ አንዷ አጠገቤ ቆማ ሸሚዙን ገልብጣ ስፌቱን አየችና "ይሄ ኦቨርሎኩ ልክ አይደለም፣ ይተረተራል" ብላ መለሰችው፣ እኔ ለመግዛት ይዤው የነበረ ሸሚዝ ነበር። ከዛን ቀን ጀምሮ ሁሌ ስፌት ነው የማየው፣ በጎኑ በኩል ክሩ ዝርግ ሆኖ ካልተኛ አልገዛም።

አሁን የምወደው ሂሳብ። ዋጋውን ለለበስሽው ቀን አካፍይው። የ800 ብሯ ጂንስ በሳምንት ሁለቴ ትለበሳለች፣ ዓመቱን መቶ ጊዜ በሉት፣ በቀን 8 ብር ደረሰች፣ ከአንድ ማኪያቶ በታች። ሀበሻ ቀሚሱን በዓመቱ አራት ጊዜ ለበስኩት፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ አንድ ቅልቅል፣ 2,750 ብር በቀን። ይሄን ጽፌ ሳበቃ 33,020ን ለ12 አካፈልኩት፣ የወር አማካዬ 2,752 ገደማ ወጣ። አንድ ቀን ጥምቀት በሙሉ የአንድ ወር የልብስ ወጪዬ ናት! እንዳትሳሳቱ፣ አልጸጸትም፣ ቀሚሱ ለሚቀጥሉት አምስት ዓመትም አለ፣ ያኔ ሂሳቡ ይወርዳል። ያናደደኝ የሰርጉ ነው፣ 5,000 ብር ለአንድ ቀን፣ ከለሩ ደግሞ ለሌላ ነገር አይሆንም፣ ለእህቴ ልስጣት ብል እሷም ያው ከለር አላት፣ አብረን ነው የለበስነው።

አከፋፈሉ ላይ ትንሽ። መስሪያ ቤት ቢሮ ለቢሮ ይዘው የሚመጡትን ታውቋቸዋላችሁ፣ "በሁለት ደሞዝ ትከፍይኛለሽ" የሚሉትን። ደብተሬ ላይ ያለው 2,200 ብር ጂንስ እንደዛ የተገዛ ነው፣ በኋላ ያንኑ ጂንስ አረብ ሰፈር በ1,800 አየሁት፣ 400 ብሩ የዱቤ ነው። እናቴና ጓደኞቿ ግን ለቀሚስ ብቻ የተለየ እቁብ አላቸው፣ በየወሩ ለአንዷ ይወጣል፣ የደረሳት ሌሎቹንም ሴቶች ይዛ ትሄዳለች፣ ስድስት ሴት አንድ ሸማኔ ጋ ስትሄድ ዋጋው ራሱ ይለሰልሳል። እኔ በቴሌግራም ሳዝዝ አንድ ብር አይቀንሱልኝም፣ "ፊክስድ ነው ማማዬ" ነው መልሱ።

እዚህ ድምር ውስጥ ያልገባ ነገር አለ፣ ልናገር። ዚፕ ማስቀየሪያ፣ ማስጠበቢያ፣ ሀበሻ ቀሚስ ማጠቢያና መተኮሻ አልጻፍኩም። አክስቴ ከውጭ የላከችልኝ ጃኬትም የለም፣ ብር ስላላወጣሁበት፣ ግን እሱ ባይመጣ መግዛቴ አይቀርም ነበር። የዘንድሮው ደብተር ላይ ሁለት መስመር ጨምሬያለሁ፣ አንዱ "ለማን ብዬ ገዛሁት" ይላል፣ ሌላው "ስንት ጊዜ ለበስኩት" ይላል፣ ይሄኛውን እርሳስ ነው የምጠቀመው ምክንያቱም ይቀያየራል። እስካሁን የተጻፈው፦ መስከረም 4፣ ፓንት ሦስት፣ 480 ብር፣ ለራሴ።