ኮር አይ7 ነው፣ ታዲያ ዊንዶውስ 11 ለምን እምቢ ይለዋል?

ሰላም ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ከዊንዶውስ 10 ወደ 11 ስለማሻገር ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ኮምፒውተራችሁ ነገም ይነሳል፣ ከነገ ወዲያም ይነሳል፤ የደህንነት ማስተካከያ ግን አይመጣለትም። ለተጨማሪ ማስተካከያ የተመዘገበ የግል ኮምፒውተር ግን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ያገኛል።

መስፈርቶቹን ቶሎ ቶሎ። 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ቦታ፣ ቲፒኤም 2.0 (ሚስጥራዊ ቁልፎችን የሚጠብቅ የደህንነት ክፍል)፣ ሴኪዩር ቡት (ሲነሳ ያልታመነ ሶፍትዌር የሚከለክል) የሚችል ዩኢኤፍአይ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ የድሮው ባዮስ ተተኪ)፣ በማይክሮሶፍት ዝርዝር ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር። ራሙንና ዲስኩን ታውቁታላችሁ፣ እንለፋቸው።

ባለፈው ቪዲዮ ስር የመጣው ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። «የኔ እኮ ኮር አይ7 ነው! ራሙንም 16 አድርጌዋለሁ! ለምን አይሆንም ይላል?» እሺ። እዚህ ጋ ቁጭ እንበል፣ ምክንያቱም ገበያው ውስጥ ላፕቶፕ የሚሸጠው በዚችው በ«አይ7» ነው።

ሁለት ልጆች አስቡ። አንዱ 6ኛ ክፍል ነው፤ ከክፍሉ አንደኛ የወጣ፣ ሰርተፍኬቱ ሳሎን የተሰቀለ፣ እናቱ ለሰፈሩ ሁሉ ያወራችለት። ሌላው 8ኛ ክፍል ነው፤ ሚኒስትሪን በጭንቅ ያለፈ፣ ቤት ውስጥ ስለ ውጤቱ ማንም የማያነሳበት። መስከረም ላይ ሁለቱም 9ኛ ክፍል ሊመዘገቡ ሄዱ። መዝጋቢዋ ማንን ትጽፋለች? ሁለተኛውን! የመጀመሪያው ጎበዝ ነው፣ ማንም አልካደም። እሷ ግን የምታየው የ8ኛ ክፍል ካርድ ነው።

አይ3፣ አይ5፣ አይ7 ማለት ከክፍሉ ስንተኛ ወጣ ነው። ትውልዱ ደግሞ ስንተኛ ክፍል ደረሰ ነው። ዊንዶውስ 11 ለኢንቴል ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ ይቀበላል፤ ከ7ኛ የገቡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ስለዚህ 8ኛ ትውልድ አይ3 ይገባል፣ 6ኛ ትውልድ አይ7 ይመለሳል። ራም መጨመር? ለ6ኛ ክፍሉ ልጅ አዲስ ቦርሳ ገዛችሁለት። ኤስኤስዲ? አዲስ ጫማ። እየሮጠ ይመጣል፣ እየሮጠ ይመለሳል።

ትውልዱን ከቁጥሩ አንብቡት። ስታርት ላይ ራይት ክሊክ፣ ሲስተም፣ ፕሮሰሰር የሚለውን እዩ። አይ7-6600ዩ፦ 6ኛ። አይ5-8250ዩ፦ 8ኛ። አይ5-10210ዩ፦ 10ኛ፤ «1ኛ ትውልድ ነው» ብላችሁ እንዳትደነግጡ። በላፕቶፑ ስምም ብቻ አትግዙ። ኤሊትቡክ 840 ጂ5 እና ቲንክፓድ ቲ480 ብዙ ጊዜ 8ኛ ትውልድ ናቸው፤ ሁለቱም ግን በ7ኛም ተሠርተዋል። ሻጩ «ያው ነው» ካለ ኮምፒውተሩን አስነስቶ ያሳያችሁ። ራይዘን (የኤኤምዲ ፕሮሰሰር) ያላችሁ የቁጥሩ አሰያየም ስለሚያሳስት፣ ከማይክሮሶፍት ዝርዝር ላይ ሙሉ ስሙን ፈልጉ። (ይሄ ከጠቀማችሁ ሰብስክራይብ አድርጉ፤ እኔም እንደ ልጁ እናት ላውራበት።)

ቀጥሎ ቲፒኤም። የዊንዶውስ ቁልፍና አር፣ ከዚያ «ቲፒኤም ነጥብ ኤምኤስሲ» ብላችሁ ጻፉ። አልተገኘም ካለ፣ ብዙ ጊዜ አለ፣ ባዮስ ውስጥ ጠፍቶ ነው። ባዮስ ለመግባት ኮምፒውተሩ ሲነሳ ይሄን ተጫኑ፦ ዴል ኤፍ2፣ ኤችፒ ኤፍ10፣ ቲንክፓድ ኤፍ1። እዚያ ውስጥ ቲፒኤሙ ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም ይባላል። ከመንካታችሁ በፊት ቢትሎከርን (ዲስኩን በሚስጥር ቁልፍ የሚቆልፈውን) ለጊዜው አቁሙ፣ ባለ 48 አሃዙን መክፈቻ ቁልፍም ከኮምፒውተሩ ውጪ አስቀምጡ። አለዚያ ሲነሳ እሱን ይጠይቃችኋል፣ ቁልፉ ከሌለ ፋይሉ ሄደ።

ባዮስ ሞድ «ሌጋሲ» (የድሮው አነሳስ) ከሆነ ዲስኩ የተከፋፈለው በድሮው ዘዴ በኤምቢአር ነው ማለት ይቻላል፤ ወደ አዲሱ ወደ ጂፒቲ መቀየር አለበት። መጀመሪያ ባክአፕ። ከዚያ በአድሚን ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) «ኤምቢአር2ጂፒቲ» በሚለው ትእዛዝ፣ ቀድማችሁ «ቫሊዴት» (መፈተሻው)፣ ካለፈ «ኮንቨርት» (መቀየሪያው)፤ ሁለቱም ጋ «ዲስክ 0» እና «አላውፉልኦኤስ» ይጨመራል። ዲስኩን ሲ፣ ዲ፣ ኢ ብላችሁ በኤክስቴንድድ ፓርቲሽን ከከፈላችሁት ቫሊዴት ላይ ይወድቃል። ከተቀየረ በኋላ ባዮስ ገብታችሁ ሌጋሲውን ወደ ዩኢኤፍአይ ካልቀየራችሁ አይነሳም። አልተበላሸም፣ ቀይሩት።

ፕሮግራሞች። ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ብቻ ነው፤ የድሮው ባለ 32 ቢት እትም የለውም። ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ይሠራል፤ ባለ 32 ቢት ድራይቨር (እንደ ፕሪንተር ያለ ዕቃን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው) ግን አይሠራም። የቢሮው አሮጌ ፕሪንተር የሚሞተው እዚህ ነው፤ ስለዚህ ባለ 64 ቢት ድራይቨሩን አስቀድማችሁ አውርዱ። አሁን ያለው ዊንዶውስ 10 ራሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ በላዩ ላይ ማሻሻል የለም፣ ከባዶ መጫን ነው። ፒችትሪ (የሂሳብ ፕሮግራም) ለሚጠቀሙ ደግሞ፣ ከጀርባው ፐርቫሲቭ የሚባል የዳታቤዝ አገልግሎት ስላለ፣ ከፕሮግራሙ ውስጥ ባክአፕ ውሰዱና መጀመሪያ ሌላ ማሽን ላይ ሞክሩ። በግብር ሰሞን? በፍጹም።

ከባዶ ከጫናችሁ በኒያላ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ በኤብሪማ ሊታይና ገጹ ሊዛባ ይችላል። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ኦፕሽናል ፊቸርስ፣ «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ»፤ ጫኑት። ዩኒኮድ (የፊደላት የጋራ ኮድ) ባልሆኑ የድሮ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈው ግን የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ከመጣ፣ ፎንቱ ራሱ ስለሌለ ነው። ከማሻሻላችሁ በፊት ፎንቶቹን ፍላሽ ላይ ገልብጡ።

«በሩፈስ አልፈን እንጭነው?» ሩፈስ የመጫኛ ፍላሽ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ነው፤ የመስፈርት ፍተሻውን በእሱ መዝለል ይቻላል። ለቤት መሞከሪያ ይሁን፣ የደመወዝ ሰነድ ያለበት ማሽን ላይ ግን እኔ አላደርገውም፤ በየዓመቱ የሚወጣው ትልቁ ማሻሻያ በራሱ ላይመጣ ይችላል። ኮር ቱ ዱዎ (የድሮ የኢንቴል ፕሮሰሰር) ላይማ 24ኤች2 ከሚባለው የዊንዶውስ 11 እትም ጀምሮ ጭራሽ አይነሳም።

በላዩ ላይ አሻሽላችሁ ካልተመቻችሁ፣ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ «ጎ ባክ» አለ፤ 10 ቀን ብቻ ነው። በነዚያ ቀናት ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ «ዊንዶውስ ነጥብ ኦልድ» የሚለውን ፎልደር አታጥፉ፤ መመለሻው እሱ ውስጥ ነው ያለው።